አዲስ ወይስ ያገለገለ ትራክተር? ከዋጋው በፊት የሚሰላው የሥራ ሰዓት

የመኸር እርሻ ሲቃረብ በየወረዳው ከተማ የትራክተር ወሬ ይበዛል። ማሳቸውን በኩታ ገጠም ያገጣጠሙ አርሶ አደሮች፣ ከሰሊጥና ከስንዴ ሽያጭ ጥሪት የቋጠሩ አምራቾች፣ እንዲሁም ትራክተር ገዝተው በኪራይ ለማሳረስ ያሰቡ የከተማ ነዋሪዎች አንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ፦ አዲስ ይገዛ ወይስ ያገለገለ?

መልሱ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከዋጋው ነው። ያገለገለው በአዲሱ ግማሽ ዋጋ ሲገኝ ግማሹ ገንዘብ እንደተረፈ ይቆጠራል። በተቃራኒው ደግሞ ከአሮጌ ጋር ከመታገል አዲሱ ይሻላል ተብሎ ቡድኑ ከአቅሙ በላይ የሆነ ዕዳ ይሸከማል። በሁለቱም በኩል የሚዘለል አንድ ቁጥር አለ፤ ትራክተሩ በዓመት ስንት ሰዓት ይሠራል የሚለው ነው። አዲሱን አዋጭ የሚያደርገውም ሆነ ያገለገለውን የሚያስመርጠው በዋናነት ይህ ቁጥር ነው።

የዓመቱን ሰዓት ማስላት

ሥራው ከባድ አይደለም። ሦስት ዲስክ ያለው ማረሻ በአንድ ምልልስ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያርሳል። ትራክተሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢጓዝና ከሥራው ጊዜ ሩብ ያህሉ በማሳው ዳር በመዞርና በልዩ ልዩ ምክንያት በመቆም ቢያልፍ፣ በሰዓት የሚታረሰው ከሄክታር አንድ ሦስተኛ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ አንድ ሄክታር ለአንድ ጊዜ ለማረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ሁለት ጊዜ ከታረሰ ስድስት ሰዓት ይሆናል።

በዚህ መለኪያ 30 ሄክታር ያለው የአርሶ አደሮች ቡድን የራሱን ማሳ ብቻ ቢያርስ ትራክተሩ በዓመት የሚሠራው 180 ሰዓት ያህል ነው። ጋሪ መጎተትና መውቂያ ማንቀሳቀስ ሲጨመር ከፍ ይላል፤ ሆኖም በቆላው ሰሊጥና ማሽላ፣ በደጋው ስንዴና ጤፍ እያረሰ፣ ከወቅት ወቅት ከወረዳ ወረዳ የሚዘዋወር የኪራይ ትራክተር ከሚሠራው ጋር አይወዳደርም። እንዲህ ያለው ትራክተር ሥራ ካላጣ በዓመት 1,000 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ሁለቱ ባለቤቶች ለአንድ ዓይነት ትራክተር የተለያየ መልስ ሊኖራቸው የሚገባው ከዚህ የተነሣ ነው።

የትራክተርን ዕድሜ ለመገመት የተሠራበት ዓመት ብቻውን አይበቃም። አሥር ዓመት በመጠለያ ቆሞ 2,000 ሰዓት የሠራ አለ፤ በአምስት ዓመት 6,000 ሰዓት ያለፈም አለ። የአሜሪካ የግብርናና የሥነ ሕይወት መሐንዲሶች ማኅበር ለወጪ ስሌት በሚያወጣው መመዘኛ፣ በኋላ እግሩ ብቻ የሚነዳ ትራክተር ዕድሜ 12,000 ሰዓት፣ በአራቱም እግሩ የሚነዳው 16,000 ሰዓት ተብሎ ይገመታል። ከዕድሜው ግምት ይበልጥ ለገዥ የሚጠቅመው ግን ይኸው መመዘኛ ስለ ጥገና ወጪ የሚለው ነው። የጥገና ወጪ ከሰዓቱ ጋር እኩል አይራመድም። የተሠራው ሰዓት እጥፍ ሲሆን እስከዚያ የወጣው የጥገና ወጪ ድምር አራት እጥፍ ይሆናል።

የአዲሱ ትራክተር ዋጋ 100 ብር ነው ብለን እናስላ። በመመዘኛው መሠረት በኋላ እግሩ የሚነዳ ትራክተር የመጀመሪያዎቹን 3,000 ሰዓታት እስኪጨርስ ለጥገና የሚጠይቀው 6 ብር ከ30 ሳንቲም ነው። ከ6,000ኛው እስከ 9,000ኛው ሰዓት ባለው ጊዜ ግን ለዚያው 3,000 ሰዓት ሥራ 31 ብር ከ50 ሳንቲም ይፈልጋል፤ አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። በእኛ አገር የመካኒክ ክፍያ ከአሜሪካ ያነሰ፣ መለዋወጫው ግን በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ስለሆነ የብሩ መጠን ሊለያይ ይችላል። ወጪው በዕድሜ መጨረሻ የሚከማች መሆኑ ግን አይለወጥም።

አሁን 6,000 ሰዓት የሠራ ትራክተር በ50 ብር ቀረበ እንበል። በዓመት 180 ሰዓት ለሚሠራው ቡድን አምስት ዓመት ማለት 900 ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ ያገለገለው ለጥገና 8 ብር ያህል ሲያስወጣ አዲሱ አንድ ብር እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ቡድኑ አዲሱን ለመግዛት ተጨማሪ 50 ብር መበደር አለበት። ወለዱ ለስሌት እንዲመች በዓመት 15 በመቶ ቢሆን፣ በአምስት ዓመት ለወለድ ብቻ 37 ብር ከ50 ሳንቲም ይከፍላል። አዲሱ ኋላ ሲሸጥ የተሻለ ዋጋ ማውጣቱ እንዳለ ሆኖ፣ ለዚህ ቡድን በጥንቃቄ የተመረጠ ያገለገለ ትራክተር ያዋጣዋል።

በዓመት 1,000 ሰዓት ለሚያሠራው አከራይ ስሌቱ ይገለበጣል። በአምስት ዓመት አዲሱ ለጥገና 17 ብር ከ50 ሳንቲም ሲወስድ ያገለገለው 59 ብር ከ50 ሳንቲም ይወስዳል። የ42 ብር ልዩነቱ በወለድ ዳነ ከተባለው ገንዘብ ይበልጣል። በዚያ ላይ አሮጌው 11,000 ሰዓት ደርሶ ወደ ዕድሜው ማብቂያ ይጠጋል፤ የአዲሱ ግን ገና 5,000 ነው።

በሰኔ የሚቆም ትራክተር

እስካሁን የተሰላው የመለዋወጫና የመካኒክ ገንዘብ ብቻ ነው። ትራክተሩ ተበላሽቶ የቆመባቸው ቀናት ዋጋ ለብቻው ይታያል። በፎገራ ሜዳም ሆነ በሞረትና ጅሩ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ጠባዩ የታወቀ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጠነክራል፤ ውኃ ሲጠግብ ደግሞ ጎማ ያሰምጣል። ማረሻ በደንብ የሚገባበት ጊዜ አጭር ነው። በቀን 3 ሄክታር የሚያርስ ትራክተር አንድ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ 14 ቀን ቢቆም 42 ሄክታር ሳይታረስ ያልፋል። አከራይ ከሆነ የኪራይ ገቢውንና ደንበኞቹን ያጣል። የአርሶ አደሮች ቡድን ከሆነ ደግሞ የዓመቱ ዘር ይዘገይበታል፤ የብድሩ መክፈያ ቀን ግን አይዘገይም።

ስለዚህ ማንኛውንም ትራክተር ከመምረጥ በፊት፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ በቅርብ ባለው ከተማ የትኛው ዓይነት እንደሚጠገን መጠየቅ ያስፈልጋል። የዘይት፣ የናፍታና የአየር ፊልትሮ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የውኃ ፓምፕና የፊት ጎማ በመደርደሪያ ላይ ተገኝተው በዓይን መታየት አለባቸው። የሻጭ ቃል ብቻ በቂ አይደለም። በሚንስክ የሚመረተው የቤላሩስ ትራክተርና ማሴ ፈርጉሰን ለረጅም ጊዜ በአገራችን የቆዩ በመሆናቸው የለመዷቸው መካኒኮች አሉ። ሆኖም ማሴ ፈርጉሰን በአንድ ስም በፓኪስታንም፣ በሕንድም፣ በሌሎች አገሮችም የሚመረት ነው። ዕቃ ሲታዘዝ የሞዴሉንና የሞተሩን ቁጥር ይዞ መሄድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የአምራቹ ጤንነትም የገዥው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የፖላንዱ ኡርሱስ ኩባንያ 3,000 ትራክተር ለማቅረብ ከቀድሞው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ጋር ተዋውሎ ነበር። ኩባንያው በኋላ ለኪሳራ ተዳርጓል። የአምራቹ ዕጣ እንዲህ ሲሆን ትራክተሩ ከነመለዋወጫ ጥያቄው በገዥው እጅ ይቀራል።

ያገለገለውን ሲመረምሩ

ምርጫው ያገለገለ ከሆነ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ምርመራው ነው። ከሻጩም ሆነ ከደላላው ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ ይዞ መሄድ፣ አበል ከፍሎም ቢሆን፣ ከኋላ ወጪ ያድናል።

ምርመራው ሞተሩ ሳይነሣ ይጀምራል። እጅን ሞተሩ ላይ አድርጎ ቀዝቃዛ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ገዥው ከመድረሱ በፊት ሞቆ የጠበቀ ሞተር ጠዋት ጠዋት አልነሣ የሚል ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ተለክቶ ወተት የመሰለ ነጣ ያለ መልክ ካሳየ ውኃ ገብቶበታል። በራዲያተሩ ውኃ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈም ችግሩ ተመሳሳይ ነው። በቅርቡ የተቀባ ቀለም ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባል፤ በተለይ መገጣጠሚያዎችና ዘይት የሚያልብባቸው ቦታዎች አብረው ከተቀቡ።

ሞተሩ ሲነሣ ጭሱ ይናገራል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል ያሳያል። ሥራ ሲከብደው የማያቋርጥ ጥቁር ጭስ ከወጣ የአየር ፊልትሮው ታፍኗል፣ ወይም የናፍታ ፓምፑና መርጫዎቹ ተበላሽተዋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍታ ወይም ወደ ሞተሩ የገባ ውኃ ምልክት ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ተበልተዋል፤ ሞተሩን የማደሻ ገንዘብ ከዋጋው ላይ መቀነስ አለበት።

የሰዓት ቆጣሪውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ማመን ግን አይገባም። በብዙ የቆዩ ትራክተሮች ላይ ቆጣሪው የሚሠራው በሞተሩ ዙር በመሆኑ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር አንድ ሰዓት ሙሉ ቢቆይም ቆጣሪው የሚመዘግበው ከዚያ ያነሰ ነው። ቆጣሪ ይቀየራል፤ ገመዱም ይበጠሳል። ይልቅ የማይዋሹ ክፍሎች አሉ። የፔዳሎቹ ብረት በጫማ ተልጦ አልቆ፣ የጋሪ መጎተቻው ቀዳዳ ተበልቶ ሞላላ ሆኖ፣ ማረሻ የሚታሰርባቸው ክንዶች ጫፍ ወዲያ ወዲህ የሚወላወል ሆኖ ሳለ ቆጣሪው 2,000 ቢል፣ ቆጣሪው ትናንት የገባ ነው።

ቀጥሎ ማረሻ አስሮ ማሳ ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማሳረስ ያስፈልጋል። በጋራዥ ግቢ አንድ ዙር መንዳት ምንም አያሳይም፤ የሃይድሮሊክና የካምቢዮ ሕመም የሚገለጠው ዘይቱ ሲሞቅ ነው። ማረሻው ከፍ እንዳለ ሞተሩ ሲጠፋ ወዲያው ወደ መሬት ከወረደ ሃይድሮሊኩ ደክሟል። ለመውቂያና ለውኃ ፓምፕ ኃይል የሚሰጠው የኋላ ዘንግ፣ ባለሙያዎች ፒቲኦ የሚሉት፣ ይዞ ሲለቅ መታየት አለበት። የፊት እግሮቹ ጃክ ተደርገው ይነቅነቁ። የኋላ ጎማዎችን ብዙዎች እንደ ቀላል ነገር ያልፏቸዋል፤ ሁለቱን መቀየር ግን ከትራክተሩ ዋጋ ጋር ሲታይ የሚያስደነግጥ ወጪ ነው። ጥርሳቸው ብቻ ሳይሆን የጎናቸው መሰንጠቅም ይታይ።

የትራክተሩ የቀድሞ የሥራ ቦታም ይጠየቅ። በመተማና በቋራ ሰፋፊ እርሻዎች ላይ የሠራ ትራክተር ሙቀትና አቧራ አሳልፏል። የአየር ፊልትሮው በየጊዜው ከተጸዳለትና ናፍታው ከንጹሕ በርሜል ከተቀዳለት ጉዳቱ ትንሽ ነው። ካልሆነ ግን አቧራ ሞተርን ከውስጥ እንደ ወፍጮ ይፈጫል። በግብርና ኮሌጅ የተግባር ትምህርት መምህራችን ከመሪው በፊት ያስያዙን የአገልግሎት መዝገቡን ነበር፤ ዘይትና ፊልትሮ በስንት ሰዓቱ እንደተቀየረ የተጻፈበት ደብተር ማለት ነው። በእጅ የተጻፈ፣ ዘይት የነካው መዝገብ የሚያቀርብ ሻጭ ጥቂት ጨምሮ ቢጠይቅ የሚገባው ነው።

ወረቀቱ

የሻሲና የሞተር ቁጥሩ በሊብሬው ወይም በጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ መመሳከር አለበት። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የግብርና ሜካናይዜሽን መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ በመፈቀዱ፣ ገዥው ትራክተሩ በምን ሁኔታ እንደገባና ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ቀረጥ የሚጠየቅበት መሆን አለመሆኑን ከውሉ በፊት ከጉምሩክ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ዕዳ ነው። በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ትራክተር ለብድር መያዣ መሆን ይችላል፤ መብቱም በብሔራዊ ባንክ በተቋቋመው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይመዘገባል። አበዳሪው ያስመዘገበው መብት ንብረቱን ተከትሎ ወደ አዲሱ ባለቤት እጅ ሊገባ ስለሚችል፣ ቀብድ ከመስጠት በፊት መዝገቡን ማስፈተሽ ይገባል። በሊዝ የተገዛ ትራክተርም ክፍያው እስኪያልቅ ባለቤቱ አከራዩ ድርጅት ነውና የያዘው ሰው ሊሸጠው አይችልም።

ሕጉ ገዥንም ይጠብቃል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊነት አለበት፤ ገዥ ግን ዕቃውን እንደተረከበ መመርመርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይኖርበታል። በርክክቡ ቀን በግልጽ ይታይ የነበረን ጉድለት ይዞ ከወራት በኋላ መክሰስ አያዋጣም።

አዲሱን ሲገዙ

አዲስ ገዥ የሚጠነቀቅባቸው ነገሮች ያነሱ ናቸው። ዋስትናው ብዙ ጊዜ በዓመትም በሥራ ሰዓትም ይለካል፤ ቀድሞ የሞላው ዋስትናውን ይዘጋዋል። ብዙ ለሚሠራ ትራክተር ሰዓቱ ከዓመቱ ቀድሞ እንደሚያልቅ መዘንጋት የለበትም። ዋስትናው የሚጸናው የመጀመሪያው አገልግሎት፣ በብዙ አምራቾች ዘንድ ከ50 ሰዓት ሥራ በኋላ የሚደረገው፣ በጊዜው ከተሰጠ ነው። መካኒኩ ወደ ወረዳው ይመጣ እንደሆነ፣ ወይስ ትራክተሩ ወደ አዲስ አበባ መጫን ይኖርበት እንደሆነ፣ የጉዞውን ወጪ ማን እንደሚችል በውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

ለገንዘቡ ከመደበኛ ብድር ሌላ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ኪራይ አለ። በአዋጅ ቁጥር 103/1990 እና ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 807/2005 የሚመራ ሲሆን፣ በክልላችን ዋልያ ካፒታል ዕቃ ፋይናንስ፣ በአገር ደረጃ ደግሞ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ድርጅቱ ትራክተሩን ገዝቶ ይሰጣል፤ ተጠቃሚው የተወሰነ ቅድሚያ መዋጮ አድርጎ ቀሪውን በየጊዜው ይከፍላል። ትራክተሩ ራሱ መያዣ በመሆኑ ቤት ወይም ሌላ ንብረት ለማስያዝ ለማይችል ቡድን በር ይከፍታል። በድርድሩ ላይ አጥብቆ መያዝ የሚገባው የክፍያው ወቅት ነው። አርሶ አደር ገንዘብ የሚይዘው እህሉ ከተወቃ በኋላ በመሆኑ ክፍያው በጥርና በየካቲት እንዲውል መጠየቅ ይቻላል። በየወሩ እንዲከፈል የተፈረመ ውል ቡድኑን በክረምት ከአራጣ ደጃፍ ያደርሰዋል።

የዓመቱ ስሌት ከ100 ሰዓት በታች ከመጣ ግን ሁለቱንም ትቶ መከራየት ይሻላል። ጎረቤት ቡድኖች አንድ ላይ ሆነው ሰዓቱን ካበዙት በኋላ መግዛትም ይቻላል፤ ያኔ ማን መጀመሪያ ያርስ የሚለው በመተዳደሪያ ደንብ ላይ ካልሰፈረ በሰኔ ጠብ ያስነሣል።

ሾፌሩም ከግዥው በፊት ይታሰብ። ከገበያ በተገኘ ልምድ የለሽ ሾፌር እጅ የገባ አዲስ ትራክተር በሁለት ክረምት ሊያረጅ ይችላል። ጠዋት ዘይትና ውኃ የሚለካ፣ የአየር ፊልትሮ የሚያራግፍ፣ ፍሪሲዮን ላይ እግሩን ጭኖ የማይነዳ ሾፌር ደመወዙ ጥቂት ቢጨምርም ከመለዋወጫ ወጪ ያነሰ ነው።

ያገለገለ ትራክተር ለመግዛት የሚመቸው ወቅት የምርት መሰብሰቢያው ካለፈ በኋላ ጥርና የካቲት ነው። በግንቦት ሁሉም ፈላጊ ስለሚሆን ዋጋው ይወደዳል፤ ለመመርመሪያም ጊዜ አይኖርም። በየካቲት የተገዛ ትራክተር ግን ዘይቱና ፊልትሮዎቹ ተቀይረውለት፣ በራስ ማሳ ላይ ተሞክሮ፣ ጉድለት ቢገኝበት ለሻጩ በጽሑፍ ተነግሮ ወይም ተጠግኖ የመጀመሪያው ዝናብ ሳይጥል ለሥራ ይደርሳል።